ፒፔት ጨባጭ ላላችሁኝ

ያደግሁት ተረብ ያልቻለ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሠፈር ነው። ስለዚህ ሲተርቡኝ አይከፋኝም፤ የሚከፋኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም ማለት ነው። ባዮቴክኖሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ታክሲ ውስጥ ተተርቤያለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተተርቤያለሁ፤ ፋብሪካ በር ላይ ተተርቤያለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ፣ አንድ ኦቶክሌቭ የምንጋራ ጓደኞቼ ተርበውኛል። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ከቤት ልጀምር።

«ማስተርስ ድረስ ተምረሽ ጠላ ልትጠምቂ ነው?» አሉኝ እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት። እርሾ፣ ጥንስስ፣ ማብላላት እያልኩ ሳወራ ሰምተውኝ ነው።

«ጠላውንማ እርስዎ ያለ ዲግሪ ያውቁበታል እትዬ። ግን ጠዋት ጠዋት የሚወጉት ኢንሱሊን ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«ከፋርማሲ ነዋ!»

«ከጋን ነው የሚመጣው። ከብረት ጋን።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ተጨምቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡና ባክቴሪያው ኢንሱሊን ሠራ። በ1982 ደግሞ ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ባክቴሪያው ወይም እርሾው ትልቅ የብረት ታንከር ውስጥ ስኳሩን እየበላ፣ አየሩና ሙቀቱ እየተመጠነለት መድኃኒቱን ይሠራል። እትዬ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ሲያጥኑት የሚያባርሩትን፣ ጠላውን የሚያሆመጥጠውን ተሕዋስ፣ እኛ ታንከሩን በእንፋሎት ቀቅለን እናባርረዋለን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ቆይ፣ ከአሳማ ነበር አልሽኝ?»

«ድሮ ነው እትዬ። አሁን አይደለም።»

«በይ እንግዲያው በርቺና ተማሪ!»

የዚህ ነገር አጀማመር ለእኛ ሀገር ተማሪ ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል። ኢንሱሊኑን የሠራው ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም መሥራቾቹ ሁለት ነበሩ፤ ኸርበርት ቦየር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ሮበርት ስዋንሰን የሚባል ወጣት የገንዘብ ሰው። የመጀመሪያ ወሬያቸውን የቋጩት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቢራ ይዘው ነው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ቦየር አሪፍ የምርምር ጽሑፍ ጽፎ ይቀር ነበር፤ ስዋንሰን የሚሸጠው ነገር አያገኝም ነበር። ሁለቱም ደግሞ በብዛት ማምረት ስለማይችሉ ኤሊ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ገባበት። ላብራቶሪውም ፋብሪካውም ባይኖሩ የእትዬ መርፌ አይኖርም ነበር።

ወደ ፋብሪካው በር እንሂድ። አንድ ቆዳ ፋብሪካ ለልምምድ ስገባ የምርት ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «የወረቀት ሊቅ መጣች! እዚህ የሚለፋው ቆዳ ነው፤ ፓወር ፖይንት አይለፋም» አሉ።

«ፓወር ፖይንቱን ቤቴ ትቼዋለሁ ጋሼ። ይዤ የመጣሁት የኑግ ፋጉሎ ነው።»

«ለከብት?»

«ለባክቴሪያ።»

ይህን ጊዜ እሳቸውም ሳቁ፤ በሩም ተከፈተ።

ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ቆዳው ከመለፋቱ በፊት ጠጉሩ መርገፍ አለበት። የሚረግፈው ትልቅ የሚሽከረከር ድራም ውስጥ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ኬሚካሉ ጠጉሩን ያቀልጠዋል፤ ውኃው ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ይወጣል። ሰልፋይዱ ከአሲድ ጋር የተገናኘ እንደሆነ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉባት በሞጆ በኩል በመኪና ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ ውስጡ የሚሠራው ሰው ግን መስኮት ዘግቶ አያልፈውም፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው።

ፋጉሎው እዚህ ላይ ይመጣል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ሻላ፣ አቢጃታና ጪቱ ውኃቸው ሶዳ ነው። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሌላው ተሕዋስ በሚሞትበት ሶዳ ውስጥ ይመቻቸዋል፤ የሚያመነጩትም ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም በዚያው ሶዳ ውስጥ ይሠራል። ለልብስ ሳሙና የሚፈለገው እንዲህ ያለ ኢንዛይም ነው። ጠጉሩን ከቆዳው ጋር ያያያዘውን ፕሮቲን ፈትቶ፣ ጠጉሩን ሳያቀልጥ እንዳለ ለማርገፍም ይሆናል። ሶዳ ወዳድ ባክቴሪያን ውድ ምግብ ከውጭ ሳያስመጡ ዘይቱ በወጣለት የኑግ ፋጉሎ ማሳደግ እንደሚቻል አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በኋላም በዶሮ ላባ ተሞክሮ ታትሟል። ሐይቁ የእኛ፣ ፋጉሎው የእኛ፣ ቆዳው የእኛ፣ ጥናቱም የእኛ ሰው ሥራ ነው። ሰልፋይዱን ግን ዛሬም በዶላር እንገዛለን።

ለምን? መልሱን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆዳ በብልቃጥ አድርጌ ሙቀቱን ሳስተካክል ጠጉሩ በጣት ሲነካ ይለቅቅ ነበር። ይህን በኩራት ለፎርማኑ አሳየሁት። ፎርማኑ ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ ሰው ነው። ቁራጯን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጋት፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር በገጹ ላይ ጫን አድርጎ ጎተተው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እኔ የምልሽ የኔ ልጅ፣ መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ ከተቀመጡት መምህራን አንድም አልጠየቀኝም። መብራት ሲጠፋ ድራሙ ይቆማል፤ ኢንዛይሙ ግን ሥራውን አያቆምም። ጠጉሩን ጨርሶ የቆዳውን ገጽ መብላት ይጀምራል፤ ገጹ የተበላ ቆዳ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ኖራውና ሰልፋይዱ መጥፎ ናቸው፣ ነገር ግን ፎርማኑ ጠባያቸውን ያውቃል። የእኔን ኢንዛይም ጠባይ ማንም አያውቅም፤ እኔም ያኔ አላውቅም ነበር። ወደ ላብራቶሪ የተመለስኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው፤ ኢንዛይሙን በተፈለገው ሰዓት በምን እናስቁመው? ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከዚያ ሰው አውራ ጣት የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሲመለሱ ደግሞ የጓደኞች ተረብ ይጠብቃል።

«ፋብሪካ ገባሽ አሉ! ሳይንሱን ለደመወዝ ሸጥሽው!»

ይሄኛውን ዝም ብዬ አላሳለፍኩትም።

«በፈጠረህ፣ የብጥብጥህ ፒኤች ስንት ነው?»

«7.4።»

«የፒኤችን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የት ይሠራ ነበር? ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ ላብራቶሪ። ቢራ ጠማቂው ያቋቋመው። እሺ፣ የውጤትህን ልዩነት ያረጋገጥከው በምንድን ነው?»

«በቲ-ቴስት።»

«በ1908 ቲ-ቴስትን ያወጣው ጎሴት ደብሊን ከተማ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ ‹ስቱደንት› በሚል የብዕር ስም ነው የጻፈው። ፒሲአርህስ? ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ሲተስ የሚባል ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው፤ በ1993 ኖቤል ተሸለመበት። ቴሲስህ ውስጥ ፋብሪካ ያልገባበት ገጽ ካለ አሳየኝና እኔም ከፋብሪካው እወጣለሁ።»

ገጹን እስካሁን አላሳየኝም።

ለእውነት ስል ግን ሌላውንም ጎን ልንገራችሁ፤ የፋብሪካ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን እንዳይነፉ። ዲኤንኤ ማባዣው ፒሲአር የሚሠራበት ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም የመጣው የሎውስቶን ከሚባለው የአሜሪካ ፓርክ ፍል ውኃ ከተገኘ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው ቶማስ ብሮክ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር፤ የሚሸጥ ነገር አልፈለገም፣ በዚያ ሙቀት ምን ይኖራል ብሎ ነው የጠየቀው። ያ ጥያቄ ባይጠየቅ የሙሊስ ሐሳብ ዛሬ በምናውቀው ፍጥነት አይሠራም ነበር። የኤምአርኤንኤ ተመራማሪዋ ካታሊን ካሪኮም በዩኒቨርሲቲ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋ እንኳ ምርምሯን አልተወችም፤ በ2013 ባዮንቴክ የተባለው ኩባንያ ገባች፣ በ2023 ኖቤል ተሸለመች። እኛስ ፍል ውኃ መች አነሰን? ከሶደሬ እስከ ዳሎል ምድሩ ይፈላል። ምን ይኖርበታል ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚኖረውን ደግሞ ወደ ታንከር የሚያሸጋግር ሰው ነው ያነሰን።

የታክሲው አጭር ነው። «ጂኤምኦ ልታበይን ነው የተማርሽው?» አለኝ ረዳቱ፣ ደብተሬን አይቶ።

«የምትበላው ውስጥ ምን እንዳለ መርምሮ የሚነግርህ ሰው አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«እሱን ነው የተማርኩት፤ መልሴን ስጠኝ።»

ሀገሪቱ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አላት፤ ቁጥር 655/2001፣ የተሻሻለው በ896/2007። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተባይ የሚቋቋመው የቢቲ ጥጥ ተፈቅዷል። የሚደግፈውም የሚቃወመውም ሰው እኩል የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ እህሉን ወስዶ የተቀየረ ጂን አለበት ወይም የለበትም ብሎ የሚመሰክር ላብራቶሪና ባለሙያ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተው ለካርታኼናው የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት ሲሟገቱ ያሸነፉት ሳይንሱን ስለሚያውቁ ነው። በጩኸት ብቻ የተከበረ ሕግ አላየሁም።

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ይደውልልኛል። «እዚያ ሆነሽ ባዮቴክኖሎጂ! ነይ ወደዚህ፤ ጂኑ ያለው እዚህ ነው!»

«ጂኑማ ከዚህ ነው የሄደው ወንድሜ። እዚያ ያለው ማሽኑ ነው።»

ይህን የምለው ለማስቆጣት አይደለም። ገብስን የሚያቀጭጭና የሚያወይብ አንድ ቫይረስ አለ፤ የካሊፎርኒያ ገብስ ከእሱ የተረፈው ከኢትዮጵያ ገብስ በተወሰደ ጂን ነው። ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን ሻጋታ አውሮፓውያን ለአሥርታት የተከላከሉበት ጂንም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚህ መጥተው ከሰበሰቡት ገብስ ነው ያገኙት። አውሮፓ ውስጥ ለብቅል የሚዘራው ገብስ ውስጥ ዛሬም አለ። ያንን ገብስ ለሺህ ዓመታት መርጦ የዘራው ገበሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥናት ውስጥ ስም የለውም። ጤፋችንም ላይ ሆላንድ ውስጥ የባለቤትነት መብት ወጥቶበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። ውድቅ የሆነው አዲስ ፈጠራ የለበትም ተብሎ ነው፤ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት እንዴት አዲስ ይሆናል?

እኛ እጃችንን አጣጥፈን ነበር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንካችን በአፍሪካ ከቀደሙት ነው፤ ዶክተር መላኩ ወረደም ዘሩ ከባንኩ ሌላ በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እንዲጠበቅ ባደረጉት ሥራ በ1989 ዓለም ሸልሟቸዋል። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የምለው ይህ ነው፤ «ነይ» ብቻ አትበለኝ፣ ያለኸው ላብራቶሪ ያለበት ከተማ ነውና ማሽኑን ይዘህልኝ ና።

ረጅሙን መልስ ያቆየሁት ለድንኳኑ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ካርታው ቆሞ፣ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ፣ «እሺ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለገበሬው ምን ይፈይዳል? ፒፔት ጨብጠሽ በሬ አይጠመድ!» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አባባ፣ ክፉ ቀንን ከአባትዎ ሰምተዋል?»

«እንዴት አልሰማም!»

«ያኔ በሬ የጠፋው በምንድን ነበር?»

ዝም አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «በደስታ በሽታ» አሉ።

ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ በምጽዋ በኩል በገባ የከብት በሽታ ጀመረ። ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ጠፋ፤ እርሻ ሲጠፋ ሰው በመንገድ ላይ ወደቀ። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። የጠፋው በክትባት ነው። መጀመሪያ የነበረው ጥሩ ክትባት ነበር፣ ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ አፋር በረሃ ላይ በረዶ ይዞ ማን ይደርሳል? ተመራማሪዎች የክትባቱን አደራረቅ አሻሻሉና ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሳምንታት የሚቆይ አደረጉት። ከዚያ የአፋር አርብቶ አደሮችን አሠልጥነው ክትባቱን ሰጧቸው፤ ከብቱ የት እንዳለ፣ መቼ ውኃ እንደሚወርድ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። በሀገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው አፋር ነው። ቢሾፍቱ ላይ ክትባት የሚያመርተው ተቋም አለን፤ እዚያው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት ፓንቫክም አለ፣ በአህጉሩ የሚመረት የእንስሳት ክትባት ጥራቱ የሚፈተሽበት። ፒፔት የጨበጠ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ በመዋሉ ነው አባባ በሬዎ ዛሬ የሚጠመደው።

ሽማግሌው ካርታውን ሰብሰብ አደረጉ። «የበጓና የፍየሏስ?» አሉኝ። የበግና የፍየል ደስታ በሽታ አሁንም አለ፤ የእሱም ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል። ጥያቄያቸው ተረብ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ አወራን፤ ያሳደጉት እንሰት በአንድ ክረምት ሲጠወልግ አይተዋል። ንጹሕ ችግኝ በብልቃጥ ማባዛት እንደሚቻል ነገርኳቸው። «ታዲያ ችግኙ የት አለ?» ሲሉኝ መልስ አጠረኝ። ላብራቶሪው አለ፣ ዘዴውም አለ፤ ችግኙን አብዝቶ እሳቸው ገበያ ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ነው የጎደለው።

የመጨረሻው ተረብ ከሥራ ፈላጊነት ዘመኔ ነው። አንድ ቢሮ፣ «ልምድሽ የላብራቶሪ ነው፤ የኢንዱስትሪ አይደለም» አለኝ። ሌላው፣ «ልምድሽ የኢንዱስትሪ ነው፤ የምርምር አይደለም» አለኝ። ሁለቱም ማስታወቂያቸው ላይ «ከ2 ዓመት በላይ» ብለው ነበር። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም ልምድ ሲገኝ እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት ሙያ መኖር የለበትም።

ስለዚህ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ ከእናንተ ጋር ነው ወሬዬ። ሞላሰሳችሁን፣ የቢራ አተላችሁን፣ የቡና ገለባችሁን፣ የዶሮ ላባችሁን ለማስወገድ ገንዘብ ታወጣላችሁ። እኛ ደግሞ ባክቴሪያ የምናበላው አጥተን ኬሚካል ከውጭ እስኪገባ ወራት እንጠብቃለን። የምትደፉትን ስጡንና ከእሱ ጋር አንድ ተማሪ አስገቡ፤ ለአንድ ሴሚስተር፣ ከፎርማናችሁ ጎን። አማካሪ መምህራን ሆይ፣ ተማሪያችሁ የቴሲስ ርዕሱን ይዞ ሲመጣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «ይህን ለየትኛው ፎርማን አሳየኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ የምትመዘገቡ ተማሪዎችም፣ ፋብሪካውን ለመመረቂያው ዓመት አታቆዩት፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።